የለቀቀ ተከራይ ቁልፍ

«ምንም አልነካሁም ልጄ። ማርያምን!»

እንዲህ ያሉኝ የድሮ መሥሪያ ቤቴ ሒሳብ ሹም ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው፤ እዚህም ጋሼ ብዬ ልቀጥል። አንድ ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተራቸውን ቢከፍቱ ብሮውዘሩ በራሱ ጊዜ የማያውቁትን ገጽ ይከፍታል። ማስታወቂያ በማስታወቂያ ላይ ይደረባል። ማሽኑ ከመንቀርፈፉ የተነሳ ኤክሴል እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ አቦሉ ይጠጣል። እኔ የቤቱ «የአይቲ ልጅ» ነበርኩ። መጣሁ፣ አየሁ፣ እንደ ሐኪም ራሴን ነቀነቅሁ።

«ጋሼ፣ የሆነ ሊንክ ነክተው መሆን አለበት። እስኪ ያስታውሱ።»

«ዜና ነው ያነበብኩት። አንብቤም ዘጋሁት። በቃ።»

አላመንኳቸውም። ሰው ሁሉ እየሰማ «የማያውቁትን ነገር አይንኩ» የሚል አጭር ስብከት ሰጠኋቸው። አባቴ የሚሆኑ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ሲሰሙኝ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ማሽኑን ጠራርጌ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጫንኩ። ነገሩ አለቀ።

ያኔ ያልተናገርኩት አንድ ነገር ነበር። በቢሮው 14 ኮምፒውተሮች ላይ የብሮውዘሩን አፕዴት፣ የደህንነት ቀዳዳውን የሚደፍነውን እድሳት ማለት ነው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ለምን አጠፋሁት? ኢንተርኔቱ ቀጭን ነበር። ጠዋት ሁሉም ማሽን አንድ ላይ ማውረድ ሲጀምር ሥራ አስኪያጁ ኢሜይል መክፈት ያቅታቸዋል። ወዲያው ይደወልልኛል። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ገባሁና ሁሉንም ዘጋሁት። ሰኞ ኢንተርኔቱ ፈጠነ፣ እኔም ተመሰገንኩ። በአገራችን አፕዴት አጥፍቶ የማያውቅ የአይቲ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ስልኩ ላይ ያላጠፋም እንዲሁ። ጥቅል ይበላላ!

ጋሼ ማሽን ላይ ምን እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠርጌ ስለጫንኩት ማስረጃውም አብሮ ተጠርጓል። ምናልባት እውነትም የሆነ ነገር ነክተው ይሆናል። እኔን እያደር ያሳፈረኝ ሌላ ነው። «ገጽ ከፍቶ ማንበብ ብቻውን ምንም አያመጣም» ብዬ አፌን ሞልቼ መናገሬ። ያመጣል።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ኮምፒውተራችን ላይ እንደ ብሮውዘር እንግዳ የሚበዛበት ፕሮግራም የለም። አንድ የዜና ገጽ ስትከፍቱ ከማታውቁት ሰው የመጣ ጽሑፍ፣ ምስል፣ ቪዲዮ፣ የፊደል ቅርጽና ጃቫስክሪፕት የሚባል ገጹን የሚያንቀሳቅስ ኮድ በአንድ ጊዜ ይገባል። ብሮውዘሩ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ይፈታል፣ ያነባል፣ ያስኬዳል። ለእያንዳንዱም ሜሞሪ ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ ዳታ በሚያኖርበት ስፍራ፣ ቦታ ይይዛል፤ ሲጨርስ ይለቃል። የብሮውዘሮቹ አብዛኛው አካል የተጻፈው ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በዚህ ቋንቋ ቦታ መያዙንም መልቀቁንም የሚያስተዳድረው ፕሮግራመሩ ራሱ ነው። ፈጣን የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መከራውም ከዚሁ ይመጣል።

አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ለሚያውቅ ሰው መከራው ግልጽ ነው። አንድ ነጋዴ አንዲት ክፍል ተከራይቷል እንበል። ተላላኪ አለው። ተላላኪው የራሱን ቁልፍ አስቀርጿል። በየጠዋቱ ክፍሉን ይከፍታል፣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችውን ወረቀት ያነባል፣ የተጻፈውን ይፈጽማል። ነጋዴው አንድ ቀን ክፍሉን ለቀቀ። ለተላላኪው ግን የነገረው የለም። በማግስቱ ሌላ ሰው ተከራየ። ይህ ሰው ሌባ ነው፤ የተላላኪውንም ነገር አስቀድሞ ሰምቷል። ጠረጴዛው ላይ «ካዝናውን ክፈትና ያለውን አምጣ» የሚል ወረቀት አስቀመጠ። ተላላኪው እንደ ልማዱ ገባ፣ አነበበ፣ ፈጸመ።

ተላላኪው ሌባ አይደለም። አከራዩም አልሰረቀም። ጥፋቱ ክፍሉ ሲለቀቅ ቁልፉ አለመሰብሰቡ ነው። ብሮውዘር ውስጥም እንደዚያው ነው። የተለቀቀ የሜሞሪ ቦታ አድራሻ አንድ ቦታ ተረስቶ ይቀራል። አጥቂው በጃቫስክሪፕት እየተጫወተ ያ ባዶ ቦታ በእሱ ዳታ እንዲሞላ ያደርጋል። ብሮውዘሩ ያንን ዳታ የራሱ መስሎት ይታዘዘዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን እናንተ የነካችሁት ነገር የለም። ዜና እያነበባችሁ ነው።

ሌላው ዝርያ ደግሞ የእቁብ መዝገብን ይመስላል። መስመሩ ለአንድ ስም የሚበቃ ነው። አንዱ መጣና ማለቂያ የሌለው ስም አስጻፈ። ጸሐፊው መስመሩ ማለቁን ሳያይ መጻፉን ቀጠለና በጎረቤቱ መስመር ላይ የነበረውን የገንዘብ መጠን ደረበበት። አሁን መዝገቡ የሚናገረው ባለ ረጅም ስሙ የፈለገውን ነው።

እንዲህ ያለ ስህተት ምን ያህል ይበዛል? የጎግል ብሮውዘር የሆነው የክሮም ሰዎች በ2020 የራሳቸውን ጉድ ቆጥረው አወጡ (ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው)። ከ2015 ጀምሮ ከባድ የተባሉ 912 የደህንነት ስህተቶችን መረመሩ። 70 በመቶ ገደማው የሜሞሪ ጣጣ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ውስጥ ግማሹ የተላላኪው ቁልፍ ነው። ማይክሮሶፍትም ከዚያ ቀደም ብሎ በ2019 ስለራሱ ምርቶች ያወጣው ቁጥር 70 በመቶ አካባቢ ነበር። ተነጋግረው የጻፉት ይመስላል። ሁለቱም ቤት በዓለም ላይ አሉ የሚባሉ ፕሮግራመሮች አሉበት። እነሱ ካልቻሉ «ተጠንቅቆ መጻፍ» የሚባለው ምክር የትም አያደርስም ማለት ነው። ለጋሼ የሰጠሁት «ተጠንቅቀው ይንኩ» የሚለው ምክርም የዚያው ዘመድ ነው።

ከሁሉ የማይረሳኝ የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ነው። በአራት ዓመት አንዴ እንደምትመጣው፣ ያን ዓመት ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች። ጳጉሜን 1፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 6 ቀን 2023፣ የአፕል የደህንነት ቡድንና በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው የዲጂታል ስለላ መርማሪ ቡድን ሲቲዝን ላብ አንድ ችግር ለጎግል አመለከቱ። ችግሩ የነበረው ዌብፒ የተባለውን የምስል ዓይነት በሚፈታው ኮድ ውስጥ ነው። ዌብፒ ምስሉን አምቆ ለማስቀመጥ የሀፍማን ሰንጠረዥ የሚባል ነገር ይጠቀማል፤ ከ1952 ጀምሮ የሚታወቅ ብልሃት ነው። ሰንጠረዡ ቢበዛ ቢበዛ ይህን ያህል ቦታ ይፈጃል ተብሎ አስቀድሞ ተሰልቶ ቦታ ተይዞለታል። ሆን ተብሎ የተጣመመ ምስል ሲመጣ ግን ሰንጠረዡ ከተያዘለት ቦታ ያልፋል። የእቁቡ መዝገብ ማለት ነው።

ኮዱ እንዲሁ የተጣለ አልነበረም። ለዓመታት በማሽን ሲፈተሽ የኖረ ነው። ፈታኙ ማሽን ያቺን ጠማማ ምስል አልገመታትም። አጥቂዎቹ ግን አግኝተዋታል።

በዚያው ሳምንት ሲቲዝን ላብ ሌላ ነገር ይፋ አደረገ። ዋሽንግተን ዲሲ ለሚገኝ አንድ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት የሚሠራ ሰው አይፎን ላይ ፔጋሰስ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር ሊጫን ተሞክሮ ነበር። የመጣው ምስል በያዘ መልእክት ነው። ሰውየው የነካው የለም። ስልኩ መልእክቱን መቀበሉ ብቻ ይበቃ ነበር። በኋላ ኮዱን የመረመሩ ባለሙያዎች የአይፎኑንም የብሮውዘሩንም ጣጣ ከዚያችው ሰንጠረዥ ጋር አያያዙት።

ጎግል ለክሮም ጥገናውን የለቀቀው ጳጉሜን 6 ነው። ፋየርፎክስ የተባለው ሌላው ብሮውዘር በማግስቱ ተከተለ። ማግስቱ ደግሞ እንቁጣጣሽ ነበር፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም.። ያን ቀን ስልኬ ላይ ስንት የአደይ አበባ ምስል እንደገባ አልቆጠርኩም። ከአክስት፣ ከድሮ የክፍል ጓደኛ፣ ከዱባይ፣ ከማላውቀው የቴሌግራም ቻናል። የቴሌግራም ስቲከር ራሱ ዌብፒ ነው። በአደይ አበባ ተጠቃ የተባለ ሰው አልሰማሁም፤ እንዲህ ያለ ውድ መሣሪያ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው አይባክንም። ግን ያን ቀን የመጣውን ሁሉ ያለ ሐሳብ ስከፍት፣ ስልኬ ላይ አውቶማቲክ አፕዴት አሁንም እንደጠፋ ነበር። ትዝ ያለኝ ማታ ዶሮ ወጥ ከበላን በኋላ ነው። የሌሊት ጥቅል ገዝቼ አወረድኩት።

እዚህ ላይ የኛ ሰው ጉዳይ ይመጣል። አፕዴት የማንወደው ለዳታ ስንል ብቻ አይደለም። ሲቲዝን ላብ በ2017 መጨረሻ ያወጣው አንድ ዘገባ አለ። አሜሪካና እንግሊዝ ጭምር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞችና ተቃዋሚዎች በኢሜይል ሊንክ ይላክላቸው ነበር። ሊንኩ ቪዲዮ ያለበት ወደሚመስል ገጽ ይወስዳል። ገጹ «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ማጫወቻህን አፕዴት አድርግ» ይላል። አፕዴት የተባለው የስለላ ሶፍትዌር ነው። የሜሞሪ ጥበብ አላስፈለገም። በሰው እምነት ገቡ።

እንግዲህ አስቡት። በአንድ በኩል «አፕዴት አድርጉ» እንላለን። በሌላ በኩል ወጥመዱ ራሱ አፕዴት ነኝ ብሎ ይመጣል። እኔም ለጋሼ ለራሳቸው «አፕዴት የሚል ነገር ሲመጣ አይንኩ፣ እኔን ይጥሩኝ» ብያቸው አውቃለሁ። ቆይቶ ነው ልዩነቱን ማስረዳት የቻልኩት። እውነተኛው አፕዴት ከምታነቡት ገጽ ውስጥ አይመጣም። ኮምፒውተር ላይ ከሆነ በብሮውዘሩ በራሱ ማውጫ ውስጥ ነው፤ ለምሳሌ በክሮም ጥግ ላይ ያሉት ሦስት ነጠብጣቦች ጋ። ስልክ ላይ ከሆነ ፕሌይ ስቶር ወይም አፕ ስቶር ውስጥ ነው። ገጽ መሐል ብቅ ብሎ «አፕዴት» የሚል ሁሉ ውሸታም ነው። ይህን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። እኔ ስብከቱን መረጥኩ።

የብሮውዘር ሠሪዎቹስ ምን አደረጉ? ብዙ ሞከሩ፣ እውነቱን ለመናገር። ክሮም በ2008 ሲወጣ ይዞት የመጣው ሐሳብ እንግዳን ሳሎን አስቀምጦ ጓዳውን መቆለፍ ነው። ገጹን የሚያነበው ክፍል ፋይላችሁን በቀጥታ መንካት አይፈቀድለትም። አጥቂው ሳሎኑን ቢይዝ እንኳ ጓዳ ለመግባት ሁለተኛ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ለየድረ ገጹ የየራሱ ሳሎን ተሰጠው። ክሮም ሜሞሪ ይበላል እያላችሁ የምታሙት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሳሎን ሲበዛ ወጪ ይበዛል።

ከዚያ ለተላላኪው ቁልፍ መላ ፈለጉ። ከ2022 ጀምሮ ክሮም ላይ የገባው ዘዴ ለአከራዮች ቢነገር ደስ ይለኛል። ለእያንዳንዱ ክፍል ስንት ቁልፍ ውጭ እንዳለ ይቆጠራል። ተከራዩ ለቀቀ ቢባልም አንድ ቁልፍ ያልተመለሰ ከሆነ ክፍሉ ታሽጎ ይቀመጣል። ለሌላ ሰው አይከራይም። ሌባው ወረቀቱን የሚያስቀምጥበት ጠረጴዛ አያገኝም። ስሙን «ተአምረኛው ጠቋሚ» በሚል ትርጉም ነው የሰየሙት። ፕሮግራመሮች ተአምር ማለት ሲጀምሩ ምን ያህል እንደተቸገሩ ይገባችኋል።

ሥር ነቀሉ መፍትሔ ግን ቋንቋውን መቀየር ነው። በ2006 ግሬደን ሆር የተባለ የሞዚላ (የፋየርፎክስ ሠሪ) ፕሮግራመር ቫንኩቨር ወዳለው ቤቱ ሲመለስ ሊፍቱ ተበላሽቶ ጠበቀው። የሊፍቱ ሶፍትዌር ነው የወደቀው፣ ለመጀመሪያ ጊዜም አልነበረም። ቤቱ 21ኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን እየወጣ «ሊፍት የሚያንቀሳቅስ ሶፍትዌር እንኳ ሳይወድቅ መጻፍ አቃተን» ብሎ ተናደደ። ከዚያ ንዴት ራስት የተባለው ቋንቋ ጀመረ ይባላል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሊፍት ቆሞበት ውኃ በጄሪካን ያወጣ ሰው ንዴቱን ይጋራዋል። እኛ ስንናደድ ግን ኮሚቴ ነው የምናቋቁመው።

ራስት የሚያደርገው ውሉን መጀመሪያ ላይ ማጥበቅ ነው። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ባለቤት አለው። ብዙ ሰው ገብቶ ማየት ይችላል፤ መጻፍ ከተፈለገ ግን አንድ ሰው ብቻውን። ክፍሉ ሲለቀቅ ውጭ የቀረ ቁልፍ ሊኖር የሚችል ከሆነ ኮዱ ገና ሳይሠራ «ይህን ውል አልፈርምም» ተብሎ ይመለሳል። ሞክሬዋለሁ። ሲመልስብኝ ማዘጋጃ ቤት የቆምኩ ያህል ይሰማኛል። ሰነዱ ሁሌ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ግን ካለፈ አልፏል።

ፋየርፎክስ በ2017 የገጽ ውበትን የሚያሰላውን ክፍል በራስት ጽፎ አስገባ። በ2019 ሞዚላ ወደ ኋላ ሄዶ ቆጠረ። በዚያ ክፍል በዕድሜው ሙሉ 69 የደህንነት ስህተቶች ተገኝተውበት ነበር። ከመጀመሪያው በራስት ተጽፎ ቢሆን ኖሮ 51ዱ መፈጠር እንኳ አይችሉም ነበር። ጎግልም በ2023 መጀመሪያ ራስት ወደ ክሮም እንዲገባ ፈቀደ።

ታዲያ ለምን ሁሉንም አይቀይሩትም? በሚሊዮን የሚቆጠር መስመር ነው። ሰው እየኖረበት ያለን ሕንፃ መሠረቱን መቀየር ነው። ደግሞም ራስት የማይደርስበት ቦታ አለ። ብሮውዘር ጃቫስክሪፕትን ለማፍጠን እዚያው በዚያው ወደ ማሽን ቋንቋ ይተረጉመዋል። ተርጓሚው ከተሳሳተ የተሳሳተውን ኮድ የጻፈው ማሽን ነው፤ ተርጓሚው በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ስህተቱ ይወጣል። ስለዚህ አፕል በ2022 ለሚሰጉ ሰዎች ባወጣው ጥብቅ የመከላከያ ሁነታ ውስጥ ይህ ፈጣን ትርጉም ጭራሽ ይጠፋል። ገጹ ቀስ ይላል፣ በሩ ይጠባል። ጋዜጠኛ ወይም ጠበቃ የሆነ ወዳጅ ካላችሁ ንገሩት።

ለቀረነው የቀረልን አንድ ተራ ነገር ነው። ብሮውዘሩን ዘግቶ መክፈት። አፕዴቱ ወርዶ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ እኛ ሳናውቅ ነው፤ የሚሠራው ግን ብሮውዘሩ ሲዘጋና ሲከፈት ነው። ኮምፒውተር ላይ ክሮም ጥግ ላይ ምልክት ያሳያል። አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ፣ ሳምንት ሲያልፈው ቀይ። እኔ ቀዩን አይቼ ወር የቆየሁበት ጊዜ አለ። የክሮም አብዛኛው ኮድ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ አንድ ቀዳዳ ሲደፈን ድፍኑን አጥቂውም ያነበዋል። ድፍኑን አይቶ ቀዳዳው የት እንደነበር ያውቃል። ከዚያ በኋላ እሽቅድምድሙ በእሱና በእናንተ መሐል ነው። ጎግል ከኦገስት 2023 ጀምሮ የደህንነት ጥገና በየሳምንቱ መልቀቅ የጀመረው ለዚህ ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ ላላችሁ ደግሞ መጥፎ ዜና፤ ክሮም በ109ኛው እትም ተሰናብቷችኋል፣ በ2023 መጀመሪያ። ፋየርፎክስ ከዚያ በኋላም ለአሮጌ ዊንዶውስ ጥገና መላኩን ቀጥሎ ነበር። አሁንም በአንዳንድ ቢሮ ያ የ7ቱ ሰማያዊ ጀርባ ፈገግ ብሎ ይቀበለኛል። ፈገግታውን አልመልስለትም።

ባለፈው ወር ጋሼን ልጠይቅ ሄድኩ። ጡረታ ወጥተዋል። ሴት ልጃቸው ከውጭ የላከችላቸው ስልክ አላቸው። ቡናው እየተፈላ ያን የሰኞውን ነገር አነሳሁባቸው። አፕዴቱን ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩም ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

«እኔ እኮ ምንም አልነካሁም ብዬህ ነበር» አሉ።

«ብለውኝ ነበር ጋሼ።»

ስልካቸውን ሰጡኝ። የክሮም አፕዴት ስምንት ወር አልፎታል። ልጀምረው ስል እጄን ያዙኝ። የከፈቷቸው ገጾች እንዳይጠፉ ፈሩ። የመድኃኒት ስም አለ፣ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት አለ፣ ያላለቀ ዜና አለ። ላያቸው ላይ ያለችው ትንሿ ሳጥን 43 ትላለች። እንደማይጠፉ ማልኩላቸው። ሁለተኛው ስኒ እስኪቀዳ ወረደ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ።

መነጽራቸውን አደረጉና ሳጥኗን አዩ። አላመኑም። በጣታቸው እየገፉ አንድ በአንድ ቆጠሩ። ቡናቸው ቀዘቀዘ።

«43» አሉ በመጨረሻ። «ሒሳቡ ገጥሟል።»